የበረራ ሰዓት ብዛትና የአብራሪ ችሎታ



በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ከሁለት ሠራተኞች መካከል ለከፍተኛ ኀላፊነት የሚገባው ብዙ ዘመን ያገለገለው ነው ወይስ ሥራውን አብልጦ የሚያውቀው ነው? የሚለው ነው። ይህ ክርክር በመዝገብ ቤት ወይም በሒሳብ ክፍል ሲነሣ በስሕተት ቢፈረድ የሚያስከትለው ጉዳት የሥራ መጓደልና የባለጉዳይ መጉላላት ነው። በአይሮፕላን ላይ ሲነሣ ግን የሚያስከትለው የመንገደኞችን ሕይወት ማጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የምንመረምረው፣ አንድ አብራሪ በአየር ላይ ያሳለፈው የሰዓት ብዛት ብቻውን የተሻለ አብራሪ ያደርገዋልን? የሚለውን ጥያቄ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ በአገራችን አቈጣጠር የምንጽፈውን በስፍራው እንገልጻለን።

አብራሪነትን የሚማር ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የግል መዝገብ ይይዛል። በመዝገቡም የበረረበትን ቀን፣ የአይሮፕላኑን ዓይነት፣ የተነሣበትንና ያረፈበትን ስፍራ፣ በአየር ላይ የቈየበትንም ሰዓት ይጽፋል። ይህ መዝገብ ለአብራሪ፣ ለመንግሥት ሠራተኛ የአገልግሎት ማኅደሩ እንደ ማለት ነው። ሊቀጥረው ወይም ሊያሳድገው የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው በገጹ ግርጌ የተጻፈውን የሰዓት ድምር ነው።

ይህ ልማድ ግን ከበረራ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም። ኦርቪል ራይት በ1903 ዓ.ም. ዲሴምበር 17 ቀን በሞተር አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር በአየር ላይ የቈየው 12 ሴኮንድ ብቻ ነበረ። ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ከሃያ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ አይሮፕላን ለመግዛት ገንዘብ፣ ለመብረርም ድፍረት ያለው ሰው የፌዴራሉን መንግሥት ፈቃድ ሳይጠይቅ ይበር ነበረ። በ1926 ዓ.ም. የአየር ንግድ ሕግ ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 6 ቀን የመጀመሪያው የአብራሪነት ፈቃድ ለዊልያም ማክራከን ተሰጠ። ማክራከን ራሱ የአቪዬሽኑን ክፍል የሚመራ ሹም ሲሆን፣ ክብሩን አስቀድሞ ለኦርቪል ራይት አቅርቦለት ነበረ። ራይት ግን መብረርን የተወ ስለ ነበረ አልተቀበለውም። ከዚያ ወዲህ ማን ይብረር? የሚለውን ጥያቄ መመለስ የመንግሥት ሥራ ሆነ።

መልሱ ቀላል አለመሆኑን በሰፊው ያሳየው የ1934 ዓ.ም. የፖስታ በረራ ነው። በዚያ ዓመት ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከግል ኩባንያዎች ጋር የነበረውን የአየር ፖስታ ውል ሰርዘው ሥራውን ለጦር ሠራዊቱ የአየር ክፍል ሰጡ። ወታደሮቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን ሥራ ጀመሩ። እነዚህ ሰዎች ድፍረትም የበረራ ልምድም የጐደላቸው አልነበሩም። ነገር ግን ልምዳቸው ይበልጡን የተገኘው በቀን ብርሃንና በጥሩ አየር ነበረ። ፖስታ ደግሞ በሌሊት፣ በክረምት ብርድና በደመና ውስጥ ይጓዛል። በደመና ውስጥ ያለ አብራሪ ምድርንም ሰማይንም አያይም፤ የሰውነቱም ስሜት ያታልለዋል። ስለዚህ ከፊቱ ያሉትን መሣሪያዎች ብቻ አምኖ መብረር አለበት። ብዙዎቹ ወታደሮች ይህን በበቂ ሁኔታ አልተማሩም፤ አይሮፕላኖቻቸውም ለዚህ ሥራ የተሟላ መሣሪያ አልነበራቸውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ከአሥር የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በመዝገባቸው ሰዓት ተጽፎላቸው ነበረ፤ የሚያስፈልጋቸው ዓይነት ሰዓት ግን አልነበረም።

የዚህ መከራ መድኀኒት ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ ማንም ያላሰበው ነበረ። በኒውዮርክ ግዛት በቢንጋምተን ከተማ የኦርጋንና የፒያኖ ሠሪ ልጅ የሆነው ኤድዊን ሊንክ ከኦርጋን ወናፍ በተወሰደ ዘዴ፣ ከምድር ሳይነሣ እንደ አይሮፕላን የሚዘነበልና የሚዞር ሣጥን በ1929 ዓ.ም. ሠርቶ ነበረ። በመጀመሪያ ዘመኑ ብዙ ሰው እንደ መጫወቻ ቈጠረው፤ በመዝናኛ ስፍራዎችም ይሸጥ ነበረ። ከፖስታው አደጋ በኋላ ግን የጦር ሠራዊቱ ስድስት ሣጥኖች ገዛ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጅግ ብዙ አብራሪዎች በዚህ መሣሪያ ተማሩ። ዛሬ ሲሙሌተር የሚባለው ታላቅ መሣሪያ የዚህ ሣጥን ልጅ ነው። ትርጕሙን አንባቢ ልብ ይበል፤ በደመና ውስጥ መብረርን ለመማር ከሚጠቅሙት ሰዓቶች አንዳንዶቹ ጨርሶ በአየር ላይ ያልዋሉ ሰዓቶች ሆነው ተገኙ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ መንግሥታት ሰዓትን መቍጠር አልተዉም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። በአሜሪካ ሕግ የአየር መንገድ ካፒቴን ለመሆን 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቅ ነበረ። ረዳት አብራሪው ግን በ250 ሰዓት የሚገኘው የንግድ አብራሪ ፈቃድ ይበቃው ነበረ። ቍጥር ዘመድ አያውቅም፤ በአማላጅ አይጨምርም። ርካሽ ሠራተኛ የሚፈልግ ኩባንያ ያልበሰለውን ወጣት ለማስቀመጥ ቢሞክር ቍጥሩ ይከለክለዋል። ከዚህም በላይ ብዙ የበረረ ሰው ብዙ ዓይነት አየር፣ ብዙ ዓይነት ብልሽት፣ ብዙ ዓይነት ድንጋጤ አይቶአል ተብሎ ይታመናል። በመጽሐፍ የማይገኝ ማስተዋል በዚህ መንገድ እንደሚገኝ የሚክድ የለም።

ነገር ግን የሰዓት ብዛት ራሱ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን የ1970ዎቹ ዓመታት አሳዩ። በ1977 ዓ.ም. ማርች 27 ቀን በቴኔሪፍ ደሴት በጉም ውስጥ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ያለ ፈቃድ መንደርደር የጀመረው የሆላንድ አየር መንገድ ካፒቴን ከ11,000 ሰዓት በላይ የበረረ፣ የድርጅቱም ታላቅ አስተማሪ ነበረ። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አይሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደ ሆነ በጥርጣሬ ቢጠይቀውም ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መልሶለት ጕዞውን ቀጠለ። በሚቀጥለው ዓመት ዲሴምበር 28 ቀን በአሜሪካ በፖርትላንድ ከተማ አጠገብ፣ ከ27,000 ሰዓት በላይ የበረረ ካፒቴን የማረፊያ ጐማው ጉዳይ አሳስቦት ለአንድ ሰዓት ያህል በአየር ላይ ሲዞር ነዳጁ አለቀበትና 10 ሰዎች ሞቱ። የነዳጁን መጕደል ባልደረቦቹ ያውቁ ነበረ፤ ነገር ግን የተናገሩት በለሆሳስ ነበረ። ታላቅን ማክበር መልካም ልማድ ሲሆን፣ አደጋን እያዩ ዝም ማለት ግን አክብሮት አይደለም።

ከዚህም የተነሣ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በ1979 ዓ.ም. ባለሙያዎችን ሰብስቦ መከረ። በ1981 ዓ.ም. ዩናይትድ የተባለው አየር መንገድ ካፒቴኑ እንዲሰማ፣ ታናሹም በግልጽ እንዲናገር የሚያስተምር ትምህርት ጀመረ። ፍሬው በ1989 ዓ.ም. ጁላይ 19 ቀን ታየ። በዚያ ቀን የዚሁ ድርጅት ዲሲ 10 አይሮፕላን የጅራት ሞተሩ ፈንድቶ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ኃይል በሙሉ ጠፋበት። በመንገደኝነት ተሳፍሮ የነበረ አንድ አስተማሪ አብራሪ ተጨምሮ አራት ሰዎች ተባብረው፣ የሞተሮቹን ኃይል ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ አይሮፕላኑን እስከ ሱ ሲቲ ማረፊያ አደረሱት። ከ296 ሰዎች 184ቱ ዳኑ። ካፒቴኑ አል ሄይንስ ኋላ ሲያስረዳ፣ የአራቱ ሰዎች የበረራ ዘመን ቢደመር 103 ዓመት ያህል እንደሚሆን፣ ያን የመሰለ ችግር የተለማመዱበት አንዲት ደቂቃ ግን እንዳልነበረች ተናግሮአል። የተረፉትም በመመካከር ትምህርቱ መሆኑን ደጋግሞ መስክሮአል።

አሁን ወደ ዋናው ሕግ እንመጣለን። በ2009 ዓ.ም. ጃንዋሪ 15 ቀን በኒውዮርክ ከተማ አንድ ኤርባስ አይሮፕላን ከወፎች ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይላቸውን አጡ። ካፒቴን ቼስሊ ሰለንበርገር በሃድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈውና 155ቱም ሰዎች ዳኑ። ካፒቴኑ ከ19,000 ሰዓት በላይ የበረረ ነበረ። ልክ በአራተኛው ሳምንት፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን ሌሊት፣ የኮልጋን አየር መንገድ አይሮፕላን ወደ ቡፋሎ ከተማ ሲቃረብ በአንድ ቤት ላይ ወደቀ። በአይሮፕላኑ የነበሩት 49 ሰዎችና በቤቱ ውስጥ የነበረ አንድ ሰው ሞቱ።

የምርመራው ውጤት አሳዛኝ ነው። የአይሮፕላኑ ፍጥነት እያነሰ ሲሄድ አብራሪዎቹ አላስተዋሉትም። ፍጥነት ሲያንስ ክንፉ አይሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል፤ መሪውም ይህን ለማስጠንቀቅ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ የሚገባው አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መመለስ ሲሆን፣ ካፒቴኑ መሪውን ወደ ራሱ ሳበው። ካፒቴኑ ቀደም ሲል በተለያዩ የበረራ ፈተናዎች ወድቆ ነበረ፤ ኩባንያው ግን ሁሉንም አላወቀም። ረዳቷ ሌሊቱን ከሲያትል አገሩን አቋርጣ በመጓዝ ወደ ሥራ የመጣች ነበረች። የሁለቱ ሰዓት ግን ትንሽ አልነበረም፤ የካፒቴኑ 3,379፣ የረዳቷ 2,244 ሰዓት ነበረ።

የሟቾቹ ቤተ ሰቦች ሳይታክቱ ኮንግሬሱን ጐተጐቱ። በ2010 ዓ.ም. ኦገስት 1 ቀን የተፈረመው ሕግ ረዳት አብራሪውም እንደ ካፒቴኑ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው አዘዘ፤ ደንቡም በ2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ለቀድሞ የጦር ሠራዊት አብራሪዎች 750፣ በአቪዬሽን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ላላቸው 1,000 ሰዓት እንዲበቃ ተፈቀደ። አንባቢ እንደሚያስተውለው፣ ሕጉን ያስነሣው አደጋ የደረሰው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ሰዓት ባላቸው ሰዎች እጅ ነበረ። በዚያው ዓመት በ2009 ጁን 1 ቀን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ በወደቀው የኤር ፍራንስ አይሮፕላንም 228 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሦስቱ አብራሪዎች ታናሹ እንኳ ወደ 3,000 የሚጠጋ ሰዓት ነበረው። ስሕተቱም ያው ነበረ፤ ክንፉ መሸከም ባቃተው ጊዜ መሪውን ወደ ራስ መሳብ። አብዛኛው የረጅም ጕዞ ሰዓት አይሮፕላኑ ራሱን እየነዳ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በከፍታ ላይ በእጅ መንዳትን ከቍጥሩ ብቻ መማር አልተቻለም።

ይህን ስንል ሕጉ ከንቱ ነበረ ማለታችን አይደለም። ከ2009 ዓ.ም. የቡፋሎ አደጋ በኋላ በአሜሪካ አየር መንገዶች ላይ ብዙ ሕይወት ያጠፋ አደጋ ሳይደርስ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል አለፈ። ይህም የቈየው እስከ 2025 ዓ.ም. ጃንዋሪ 29 ቀን፣ አንድ የመንገደኞች አይሮፕላንና አንድ የጦር ሄሊኮፕተር በዋሺንግተን ተጋጭተው 67 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ ነው። የሕጉ ደጋፊዎች ይህን ሰላም ለ1,500 ሰዓት ይሰጡታል። ነገር ግን ያው ሕግ ሌላም ነገር አዝዞ ነበረ። አብራሪዎች ክንፉ መሸከም ሲያቅተው ምን እንደሚያደርጉ በሲሙሌተር እንዲለማመዱ፣ በቂ ዕረፍት እንዲያገኙ፣ የወደቁባቸው ፈተናዎችም ለቀጣሪው እንዲገለጹ አድርጎአል። ቡፋሎ ላይ የጐደሉት በትክክል እነዚህ ነበሩ። ቍጥሩ ግን ለመናገርም ለማስታወስም ቀላል ስለ ሆነ ስሙን ወሰደ።

ከሕጉ ወዲህ አያሌ የአሜሪካ ወጣቶች 1,500 ሰዓት የሚሞሉት በትንንሽ ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ጀማሪዎችን በማስተማር ወይም የማስታወቂያ ጨርቅ በመጐተት ነው። ማስተማር ዕውቀትን ያጠነክራል። በዚያው ሜዳ ዙሪያ በጥሩ አየር መመላለስ ግን በሁለት ሰው የሚነዳውን፣ በበረዶና በደመና የሚጓዘውን ትልቅ አይሮፕላን አያስተምርም። በ2022 ዓ.ም. ሪፐብሊክ የተባለው አየር መንገድ በራሱ ትምህርት ያለፉ አብራሪዎች በ750 ሰዓት እንዲቀጠሩ ቢጠይቅ የአቪዬሽኑ ባለሥልጣን አልፈቀደም፤ ኮንግሬሱም በ2024 ዓ.ም. ሕጉን ሲያድስ ቍጥሩን እንዳለ ተወው። በአውሮፓ ግን ወደ 200 ሰዓት ያህል የበረረ ወጣት፣ ጥብቅ ትምህርትና ፈተና ካለፈ፣ በካፒቴን አጠገብ በረዳትነት ይቀመጣል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም በ2006 ዓ.ም. በአየርና በሲሙሌተር በድምሩ 240 ሰዓት የሚጠይቅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተማሪውን ለአየር መንገድ ሥራ የሚያዘጋጅ የፈቃድ ዓይነት አጽድቆአል።

ይህ ክርክር ወደ እኛም ደጅ በመራራ መንገድ መጥቶአል። በእኛ አቈጣጠር መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ፣ የበረራ ቍጥር 302፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል እንደ በረረ ወደቀ፤ 157ቱም ሰዎች ሞቱ። የካፒቴኑ 8,122 ሰዓት፣ የረዳቱ 361 ሰዓት እንደ ነበረ ሲታወቅ በውጭ አገር ብዙ ሰዎች ጣታቸውን በረዳቱ ሰዓት ላይ አነጣጠሩ። ካፒቴን ሰለንበርገር ራሱ በዚያው ወር፣ በአይሮፕላን ፊት የሚቀመጡት ሁለት ሊቃውንት እንጂ አንድ ካፒቴንና አንድ ተማሪ መሆን እንደማይገባቸው ጻፈ።

የምርመራው ወረቀት ግን ሌላ ነገር አሳየ። አንድ የተበላሸ ጠቋሚ የሐሰት ምልክት በመስጠቱ፣ በአይሮፕላኑ ውስጥ የነበረ ራሱን የቻለ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ይገፋው ነበረ። ይህ ሥርዓት መጀመሪያ ለአብራሪዎች በተሰጠው መጽሐፍ አልተገለጸም። ከአምስት ወር ያህል በፊት በኢንዶኔዥያ በዚሁ ዓይነት አይሮፕላን 189 ሰዎች ሲሞቱ የካፒቴኑ ሰዓት ከ6,000፣ የረዳቱም ከ5,000 በላይ ነበረ። በአዲስ አበባው በረራ፣ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ እንዲቈረጥ ሁለት ጊዜ በቃሉ የተናገረው ባለ 361 ሰዓቱ ረዳት አብራሪ ነበረ፤ ካፒቴኑም ተስማማ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ መሪውን በእጅ አዙሮ ማቃናት አልተቻለም። የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ የሞተር ኃይልና የፍጥነት አያያዝም በመግለጫው መመርመር ነበረበት ብለዋል። የሆነ ሆኖ በዚያው ዓመት በ2019 ጁን ወር ሰለንበርገር በኮንግሬስ ፊት ቀርቦ፣ አደጋውን በሲሙሌተር እንደ ሞከረውና የሚመጣውን አስቀድሞ እያወቀ እንኳ ጊዜና ከፍታ እንዴት ሊያልቅ እንደሚችል እንዳየ መስክሮአል። የቦይንግ ኩባንያም በ2021 ዓ.ም. ጃንዋሪ፣ ሠራተኞቹ ስለዚህ ሥርዓት ባለሥልጣኑን ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ይህን የምናነሣው የእኛ ወገን ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት ሳይሆን፣ በቍጥር መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማመልከት ነው። የ361 ሰዓቱን መውቀስ ቀላል ነበረ፤ ቍጥር ነውና ሁሉም ሰው ይረዳዋል። የተሰወረውን የማሽን ሥርዓት መመርመር ግን ዕውቀትና ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚያ ችኰላ ምክንያት የሞተ ወጣት ስም ያለ አግባብ ሲነሣ ሰንብቶአል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የሚነዱት ቲ ደብሊው ኤ ከተባለው ድርጅት የመጡ አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያ ጊዜ የሰዓት ብዛት ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ ኢትዮጵያዊ ሁልጊዜ ከውጭ አገር ሰው ያንስ ነበረ። ሆኖም ወጣቶች በአዋቂዎች አጠገብ ተቀምጠው እየታረሙና እየተፈተኑ ተማሩ። በአውሮፓውያን 1957 ዓ.ም. ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነ። እንግዲህ የታናሹ ሰዓት የሚገኘው ታላቁ ከጐኑ ስፍራ ሲሰጠው ነው።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። አነስተኛ የሰዓት ቍጥር መወሰን እንደ አጥር ነው፤ ጨርሶ ያልተዘጋጀውን ይከለክላል፤ ስግብግቡንም ቀጣሪ ይገታል። ስለዚህ አጥሩ ይኑር። ነገር ግን አጥር ቤት አይደለም። አብራሪን አብራሪ የሚያደርጉት ሰዓቱ የዋለበት ሥራ፣ ያስተማረው ሰው፣ ደጋግሞ ያለፈበት ፈተና፣ ከባልደረባው ጋር የመመካከር ልማዱና ያገኘው ዕረፍት ናቸው። ድንጋይ በውኃ ውስጥ ብዙ ዘመን ቢኖር ዋና አልተማረም፤ ሕፃን ግን የሚያስተምረው ካገኘ በአንድ ክረምት ይዋኛል።

እናንተም፣ የተከበራችሁ አንባብያን፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ የሠራተኛ ማኅደር ስትመረምሩ የአገልግሎት ዘመኑን አትናቁ። ነገር ግን ዓመቶቹን ከቈጠራችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ ይህ ሰው ሃያ ዓመት ሠርቶአልን፣ ወይስ የአንድ ዓመት ሥራ ሃያ ጊዜ ደጋግሞአል? መልሱ በድምሩ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ማኅደሩን ከፍቶ ሥራውን መመርመር የኀላፊው ግዴታ ነው።